ስምንት ቢሮ በአንድ ሽቦ፦ ከጅማ ነፋስ ስልክ

የመንገዱን ነገር ከመጀመሬ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ ይህ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ከየት አመጣው የሚል አንባቢ አይጠፋምና። በላቸው እባላለሁ። ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ነው። ትምህርት ቤት የሄድኩት አራት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅኩትን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ ኤሌክትሪክን ከተቃጠሉ ሬዲዮኖች፣ ስልክን ደግሞ ከስልኩ ከራሱ። ጅማ አካባቢ በአንድ የቡና እርሻ ድርጅት የስልክ ማዞሪያ ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ወደ ከተማ የሚወጣው መስመር አንድ ነበር፣ በግቢው ውስጥ ያሉት ስልኮች አርባ። ማን መቼ ይናገር የሚለውን የምወስነው እኔ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ተራውን ይጠብቅ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ መሐንዲሶች ሦስት ቀን አይተው የተዉትን ብልሽት በመርፌና በሲጋራ ወረቀት አስተካክዬ አውቃለሁ። ያዩ ሰዎች በሕይወት አሉ፤ መጠየቅ ይቻላል።

ጡረታ ስወጣ ደግሞ ኮምፒውተር ተማርኩ። ከእርሻ ኮሌጅ በጨረታ የወጣ አሮጌ ማሽን ቤቴ አስገብቼ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት። ጎረቤቶቼ «ሰውየው ዞረበት» አሉ። ማሽኑ ግን በአራተኛው ወር ሠራ።

ይህን የምጽፈው ለቀድሞ የማዞሪያ ቤት ባልደረቦቼ ነው። አብዛኞቻችሁ ወደ አዲስ አበባ የመሄድ ዕድሉም ጉልበቱም የላችሁም። እኔ አለኝ፣ ስለዚህ ሄድኩ።

የሄድኩት ለእህቴ ልጅ ለሰናይት ነው። ሰናይት ነፋስ ስልክ በሚገኝ አንድ ሕንፃ ውስጥ ኮምፒውተሮችን ትጠብቃለች። በሕንፃው ውስጥ ስምንት ትናንሽ ቢሮዎች አሉ፤ ስምንቱም አንድ የኢንተርኔት መስመር ይጋራሉ። ኢንተርኔት አገራችን ከገባ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እና አንድ መስመር ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ልጅቷ ሥራዋን እየሠራች ከውጭ አገር ኮሌጅ የርቀት ትምህርት ስትከታተል ቆይታ መጨረሻው ላይ ደርሳለች። የቀራት ፈተናው ነው። ፈተናው የሚሰጠው በዚሁ መስመር ላይ ነው፣ ጥያቄው ገጽ በገጽ ይመጣል። የአንዱን ገጽ መልስ ልካ ቀጣዩ ገጽ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልደረሳት ፈተናው ራሱ ይዘጋል። ከተዘጋ ወደቀች ማለት ነው። የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ነው።

ሁለት ጊዜ ተዘግቶባታል። በመጀመሪያው አራተኛው ገጽ ላይ መስመሩ ታነቀባት። በሁለተኛው ደግሞ ጨነቃትና የሌሎቹን ቢሮዎች ገመድ በሙሉ ነቀለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰው እየጮኸ ወረደባት፣ ገመዱን መልሰው ሰኩት፣ ፈተናው ተዘጋ። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላት፦ አሁንም አንድ ገመድ ብትነቅል ከሥራ ትሰናበታለች። ሦስተኛውና የመጨረሻው ፈተና ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። በላከችልኝ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» ብላለች። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በደብዳቤ አልመልስም። ትኬት ቆረጥኩ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ከጅማ የተነሳው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በእጄ የያዝኩት ሁለት ነገር ነበር፤ ሰናይት ፎቶ ኮፒ አድርጋ ከደብዳቤው ጋር የላከችልኝ፣ መስመሩን ለስምንቱ ቢሮ የሚያከፋፍለው የራውተሩ መመሪያ መጽሐፍ ያለበት ሻንጣ፣ እና ለእሷ የያዝኩት አንድ ጣሳ ማር። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሳው ጣሪያ ላይ ይውጣ አለ። እኔ አይወጣም አልኩ።

«አባባ፣ ማር ነው እንጂ ሕፃን አይደለም እኮ» አለ።

«ሕፃን ቢሆንማ ጣሪያ ላይ እሰቅለው ነበር፣ አይሰበርም» አልኩት። ሰው ሳቀ፣ ረዳቱም ተወኝ። ጣሳውን ሻንጣዬ ውስጥ ከመጽሐፉ ጎን ሸጎጥኩት። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ ማለት ይቻላል።

እስከ አባልቲ መንገዱ አረንጓዴ ነው፣ የእኛው አገር ነው። ከዚያ ወደ ግቤ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ነው። ሾፌሩ ከድልድዩ በላይ ከብት ገጥሞት ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደፊት ሄድን። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ወደ መርካቶ የምትሄድ ነጋዴ ሴት ጥቂት ቆይታ እግሬ ሥር ተመለከተችና «አባቴ፣ ሻንጣዎ እያለቀሰ ነው» አለችኝ።

ማሩ በሙቀቱ ቀጥኖ ክዳኑን ከፍቶ መጽሐፉ ውስጥ ገብቷል። ወልቂጤ ለምሳ ስንቆም አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ሁኔታዬን አይታ ለብ ያለ ውሃና ጨርቅ ሰጠችኝ። ቆጮና ጎመን አቀረበችልኝ፣ እኔ ስበላ እሷ የመጽሐፉን ገጽ አንድ በአንድ ጠረገች። አንዳንዱ ቦታ ላይ ግን «ይሄ አይላቀቅም፣ ከጎተትኩት ይቀደዳል» ብላ ተወችው። ሃያ የሚሆኑ ገጾች እንደ ጣውላ አንድ ሆነው ነበር። ጅማ ብሆን እንዲህ ያለ ቸርነት አይገርመኝም፤ መንገድ ላይ ግን ይገርማል። ስሟን ሳልጠይቅ መኪናው ጡሩምባ ነፋ።

አዲስ አበባ መግቢያ ላይ ወርጄ ሁለት ታክሲ ቀይሬ መካኒሳ ደረስኩ። ለአራት ሰው በተሠራ ወንበር ስድስት እንቀመጥ ነበር፤ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው» እያለ ሦስት ያስገባል። ሰናይት ታክሲ ማቆሚያው ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ከዚያ በእግር ወደ ላፍቶ፣ ወደ ተከራየቻት ክፍል ሄድን። አልጋዋን ለቀቀችልኝ፣ እሷ መሬት ላይ አነጠፈች። ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ እያነበበች እንዳልሆነ ግን ገባኝ፣ አንዱን ገጽ ለረጅም ጊዜ ስታይ ነበርና።

«የምፈራው ጥያቄውን አይደለም፣ ጋሼ» አለችኝ። «ጥያቄውን እመልሳለሁ። የምፈራው ነጭ ሆኖ የሚቆመውን ስክሪን ነው።»

«እኔ መጥቻለሁ» አልኳት። እንዲህ ስል ሰው ይረጋጋል። እሷ አልተረጋጋችም።

ረቡዕ

ነፋስ ስልክ ለምን ነፋስ ስልክ እንደተባለ የሰፈሩን ሰው ጠይቄ ነበር፣ አንዱ ትከሻውን ሰበቀ፣ አንዱ «ነፋስ ስለሚበዛበት» አለ። እኔ ነገርኳቸው፤ ሽቦ የሌለው ስልክ፣ በነፋስ የሚሄድ ማለት ነው፣ ድሮ ጣቢያው እዚህ ስለነበረ። የኖሩበትን ሰፈር ስም ከጅማ የመጣ ሰው ነገራቸው።

ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ራውተር የሚባለው ዕቃ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ ከትልቅ መዝገብ አይበልጥም። በእኛ ቋንቋ ማዞሪያ ነው። ልዩነቱ ድምፅ አያገናኝም። ማንኛውም ሰው የሚልከው ነገር ተቆራርጦ በትናንሽ እሽግ ይመጣለታል፣ እሱም እሽጎቹን አንድ በአንድ ወደ ሽቦው ይለቃል። ሽቦው ጠባብ ነው፤ የተረፈው ይሰለፋል።

ወረፋው አንድ ብቻ እንደሆነ ወዲያው አየሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የካርታ ቢሮ ትላልቅ ሥዕሎች ይልካል፣ ያ ቢሮ ሲጀምር ወረፋውን ብቻውን ይሞላዋል። ከእኔ በፊት የነካው ባለሙያ ደግሞ ምንም እሽግ እንዳይወድቅ ብሎ ወረፋውን አርዝሞታል፣ ሁለት መቶ እሽግ ድረስ። ትንሽ መልእክት ልኬ እስኪመለስ በሰዓቴ ለካሁ፤ ሠላሳ ሰባት ሰከንድ። ላኪው ማሽን መልስ ሲዘገይበት ጠፋ ብሎ ያንኑ ደግሞ ይልካል፣ ወረፋው የባሰ ይረዝማል። እርሻው ላይ መስመር ሲያዝ ሁሉም ሰው የስልኩን መዘውር አብዝቶ እንደሚያዞረው ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ይርዳው ዝምተኛ፣ ካርዲጋን የሚለብስ ሰው ነው። አብሮት የካርታ ቢሮው ባለቤት ኢንጂነር ታደለ ወረደ። እሱ ዝምተኛ አይደለም።

«ሬዲዮ ሊጠግኑ ነው፣ አባባ?» አለኝ።

«ሬዲዮም እጠግናለሁ» አልኩት። «አሁን ግን አንተን ከሌላው ሰው ጋር እኩል ላደርግህ ነው።»

ያሰብኩትን ነገርኳቸው። አንዱን ወረፋ ስምንት አደርጋለሁ፣ ለእያንዳንዱ ቢሮ አንድ። ራውተሩ በየተራ ይዞራል፤ ከእያንዳንዱ ወረፋ መቶ ፊደል የሚሆን እያነሳ ወደ ሽቦው ይለቃል። ወረፋውንም አሳጥራለሁ፣ ሃያ እሽግ ብቻ። ከሃያ በላይ የመጣው ይወድቃል።

«እቃዬን እየጣሉ ነው የሚያስተካክሉት?» አለ ኢንጂነሩ።

«እቃህ አይጠፋም። ሲወድቅበት ላኪው ማሽንህ መንገዱ እንደሞላ ያውቅና ቀስ ይላል። የወደቀውን ደግሞ ይልከዋል። አሁን የሚነግረው ስለሌለ ዝም ብሎ ይገፋል።»

አቶ ይርዳው ሰናይትን አያት። «ገመድ ይነቀላል?»

«አይነቀልም» አለች።

«እንግዲያው ይሞክሩት» አለ።

ከሰዓት በኋላ አስተካከልኩት። መመሪያውን ከፍቼ የትእዛዙን አጻጻፍ ብቻ አየሁ፤ የተጣበቁትን ገጾች አላነበብኩም፣ የሚያስፈልገኝን አውቄ ነበርና። ማምሻውን ለካሁት፤ መልእክቴ ገና ዓይኔን ሳልጨፍን ተመለሰ። ሰናይት ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ጾም ስለነበር ሽሮ በላን፣ እኔ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ኢንጂነር ታደለ በዚያ ከሰዓት ሰበታ መሄዱን፣ ካርታም እንዳልላከ የሰማሁት በማግስቱ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኢንጂነሩ ከደረጃው ላይ እየሳቀ ወረደ።

«አባባ፣ እጅዎ ይባረክ። እንደዛሬ ሮጦልኝ አያውቅም። እኩል ሊያደርጉኝ ነበር፣ ንጉሥ አደረጉኝ።»

ከኋላው የትርጉም ቢሮዋ ኃላፊ ወይዘሮ አስቴር መጣች፤ እሷ አልሳቀችም። ስድስት ጸሐፊዎች አሏት። ሥራቸው ውጭ አገር ባለ ማሽን ላይ በቀጥታ መተየብ ነው፣ እያንዳንዱ የሚመቱት ፊደል ለብቻው በትንሽ እሽግ ይሄዳል። «አንድ ቃል መትተን ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን፣ ገና አልታየም» አለች። «ትናንት ቢዘገይም ይሠራ ነበር።»

ሰናይት የራሷ ቢሮ የላትም። የምትቀመጠው በትርጉም ቢሮው ጥግ ነው፣ ስለዚህ የእሷም እሽግ በእነሱ ወረፋ ውስጥ ነው። ኮሌጁ ለልምምድ ያዘጋጀው ፈተና ስላለ ያንን ከፈተች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ሁለት ደቂቃውን አብረን ቆጠርን። ተዘጋ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መልሳ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

አቶ ይርዳው ጠራኝ። ድምፁን አላነሳም። «አባታችን፣ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ ቅሬታ ካልቆመ ዕቃው ወደነበረበት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም።»

ስድስት ሰዓት ማለት ከፈተናው ሦስት ሰዓት በፊት ነው። ወደነበረበት ከተመለሰ ደግሞ ሠላሳ ሰባት ሰከንዱ ተመለሰ ማለት ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደረጃው ሥር ተቀምጬ አሰብኩ። ሁሉም መቶ ፊደል ይወስዳል፣ እኩል ነው። እኩል ከሆነ ኢንጂነሩ ለምን ሮጠ? መልስ አላገኘሁም። እኔ መልስ ያላገኘሁበት ቀን በሕይወቴ ጥቂት ነው፣ አልወደድኩትም። ወደ ላፍቶ ተመለስኩ።

ግቢው ውስጥ ውሃ ጠፍቶ ነበር። ጅማ ቢሆን ዝናቡ ራሱ ጣሳ ይሞላል፤ እዚህ ሰው ለውሃ ቦኖ ይሰለፋል። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ አንድ ጀሪካን ይዤ ሄድኩ። ቦኖውን የምትከፍትና የምትዘጋው ወይዘሮ ዘይነባ ትባላለች፣ አገሯ ስልጤ ነው፣ ሰውን ሁሉ በእጇ ታዛለች። በአንድ በኩል ለምግብ ቤት ውሃ የሚወስድ ሰውዬ በጋሪ ላይ በርሜል ጭኖ ቆሟል። በሌላ በኩል ጀሪካን የያዙ ሴቶች፣ በየግቢያቸው ተሰባስበው። በርሜሉ እየተሞላ ነበር፣ ማለቂያ የለውም።

እኔ ሥርዓት ሲጓደል ዝም አልልም። «እመቤቴ፣ እንደ ማንኛውም ሰው አንድ ጀሪካን ልክ ቅጂለትና ለቀጣዩ ተራ ስጪ» አልኳት።

«በርሜሉን ከፋፍዬ ልሙላው፣ አባቴ?» አለችኝ። «ቧንቧው አንዴ ከገባ እስኪሞላ አይወጣም። ጋሪውን አሥር ጊዜ ላመላልሰው እንዴ?»

«ታዲያ ልኩ አንድ ጀሪካን ነው ብለሽ እሱ በርሜል ከሞላ፣ እሱ አሥር ወሰደ፣ እነዚህ አንድ አንድ።»

«ማን ነው ልኩ ጀሪካን ነው ያለው?» ብላ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እኒህ አባት ከየት ነው የመጡት?»

«ከጅማ» አልኩ።

«ጅማ ዝናብ ስላለ አያውቁም። እዚህ ልኩ በርሜል ነው። እሱ አንድ በርሜል ይሞላል። ከዚያ የአንድ ግቢ ሴቶች በየጀሪካናቸው በርሜል እስኪያክል ይቀዳሉ፣ አሥር ጀሪካን። ከዚያ ሌላው ግቢ። ትልቁ ዕቃ በሚያክል ካልለካሁ ትልቅ ዕቃ ያለው ያሸንፋል። ሁሉም ሰው በርሜል ይዞ ይመጣ ነበር።»

እዚያው ቆምኩ። ራውተሩም እሽግ አይሰነጥቅም። መቶ ፊደል አንሳ ብለው፣ ከፊቱ ያለው የኢንጂነሩ እሽግ አንድ ሺህ አምስት መቶ ፊደል ከሆነ መቶውን ቆርጦ አያነሳም፤ ሙሉውን ይለቃል። ከጸሐፊዎቹ ወረፋ ግን አንድ ሁለት ትንንሽ እሽግ ሲለቅ መቶው ይሞላና ያልፋቸዋል። እኔ ልኩን ጀሪካን አድርጌ በርሜል ያለውን አንግሻለሁ።

«አባቴ፣ ተራዎ ደርሷል፣ ምን ሆኑ?» ትላለች ዘይነባ። ተራዬን ትቼ ወደ ሰናይት ክፍል መንገድ ጀመርኩ። ጀሪካኑን እዚያው ረስቼዋለሁ። ዘይነባ ሥራዋን ስትጨርስ ቤቱን አጠያይቃ ራሷ ሞልታ አመጣችው። «ውሃ ፈልገው መጥተው ምክር ይዘው የሚሄዱ ሰው መጀመሪያዬ ናቸው» አለቻት ለሰናይት።

ራት ሳይደርስ ድስት ጥደን የተጣበቁትን ገጾች በእንፋሎቱ ላይ ያዝናቸው። ሰናይት በምላጭ ቀስ እያለች ለያየቻቸው። በሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ተጽፏል እኮ። እሽጉ ከልኩ ቢበልጥም አይቆረጥም፣ ሙሉውን ይለቃል ይላል። ልኩ ከትልቁ እሽግ እንዳያንስ ይላል።»

«መጽሐፉ ከእኔ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቅ ያዛት፣ ምላጩን አስቀምጣ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን «ነገ ባይሠራስ?» አለች። ይህን የጠየቀችው በጣም ቀስ ብላ ነው።

ዓርብ

ሁለት ሰዓት ላይ ሕንፃው ደረስን። ለእያንዳንዱ ወረፋ ልኩን አንድ ሺህ አምስት መቶ ፊደል አደረግኩት፣ ሌላ ምንም አልነካሁም። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ደረጃው ሥር ተቀምጬ እግር ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር ቅሬታ መጣ እላለሁ። አንድ ብቻ መጣ፣ ኢንጂነር ታደለ።

«ትናንት ይሮጥ የነበረው ዛሬ ያነክሳል። ምን አደረጉበት?»

«ትናንት የሌላ ሰው እግር ተውሰህ ነበር» አልኩት።

አቶ ይርዳው በስድስት ሰዓት መጣና በየቢሮው ገባ። የወይዘሮ አስቴር ጸሐፊዎች ቀና ሳይሉ ይተይቡ ነበር። ተመልሶ ኢንጂነሩን «ሥራህ ቆሟል ወይስ ቀስ ብሏል?» አለው።

«ቀስ ብሏል። ግን ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መድረስ ያለበት ካርታ አለኝ። ካልደረሰ ሥራውን እነጠቃለሁ።»

«ይደርሳል?» አለ አቶ ይርዳው ወደ እኔ ዞሮ።

«ይደርሳል» አልኩ። እንደሚደርስ አስልቼ ነበር፤ በጠባቡ ግን ነው።

«ካልደረሰ በእርስዎ ነው» አለኝ። ከዚያ ሰናይትን አይቶ «በእሷም» አለ።

በዘጠኝ ሰዓት ሰናይት ተቀመጠች። የትርጉም ቢሮው በር ከደረጃው ሥር ሦስት እርምጃ ነው፣ ክፍት ተውነው። ከላይ ደግሞ ካርታው መላክ ጀመረ። እኔ ራውተሩ ፊት፣ ወረፋዎቹን የሚያሳየውን ስክሪን እያየሁ ነበር። ወይዘሮ አስቴር በሩ ላይ ቆማ ትነግረኛለች።

«ሁለተኛው ገጽ መጣ።» «ሦስተኛው።» አራተኛው ላይ ዘገየ፣ መጣ። አምስተኛው መጣ።

«ስድስተኛው አልመጣም» አለች ወይዘሮ አስቴር። «ነጭ ነው።»

ሰዓቴን አየሁ። ሃያ ሰከንድ። አርባ። ከፊቴ ስምንት ገመዶች አሉ፣ ሰናይት በእጇ ስማቸውን ጽፋባቸዋለች። የካርታ ቢሮው ሰማያዊ ነው። ኢንጂነር ታደለ ወርዶ ከኋላዬ ቆሟል። አንድ ደቂቃ። ሰናይት ከውስጥ «ጋሼ» አለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

እጄ ሰማያዊውን ገመድ ያዘ። ይህን አልደብቅም። ብነቅለው ልጅቷ ከሥራ ትወጣለች፣ ባልነቅለው ትምህርቷ ይቀራል ብዬ አሰብኩ፤ በዚያች ሰዓት ሥራ ሌላ ይገኛል ብዬ ወስኜ ነበር። እጄ ገመዱ ላይ እያለ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። የካርታው ወረፋ ሃያ፣ ሞልቶ እየጣለ ነው፣ እንደሚገባው። የትርጉም ቢሮው ወረፋ ዜሮ። እንደገና አየሁ። ዜሮ። የሰናይት መልስ ከእኛ ዘንድ ወጥቷል፤ እዚህ የሚጠብቅ ነገር የላትም። የዘገየው ከባሕር ማዶ ነው። ካርታውን ብነቅለው ለእሷ አንዲት ሰከንድ አልጨምርላትም፣ ሰውየውን ብቻ እጎዳለሁ።

እጄን መለስኩ። ከባድ ነገር ነው፣ እጄን ኪሴ ከተትኩት።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አለ ኢንጂነሩ በሹክሹክታ። ማንን እንደሚደግፍ አልገባኝም።

«ማዶ ያለውን» አልኩት።

አንድ ደቂቃ ከአርባ። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ። ወይዘሮ አስቴር በእጇ አፏን ይዛለች። «መጣ» አለች።

የቀሩት አራት ገጾች አልዘገዩም። ውጤቱ ወዲያው በስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ከማለፊያው በአራት ነጥብ በልጣለች። ሰናይት አልጮኸችም። ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች፣ ለምን እንዳወለቀች እሷም አታውቅም። አቶ ይርዳው ከላይ መጥቶ አያትና ሻይ አስመጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ኢንጂነር ታደለ እንደገና ወረደ። ካርታው ደርሷል። አጠገቤ ቆሞ ገመዶቹን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተ።

«ይዘውት ነበር» አለኝ።

«ይዤው ነበር።»

«የት ነው የተማሩት?»

«ከራሴ» አልኩት። ስለ ዘይነባ አልነገርኩትም፤ እዚህ ግን ጽፌያለሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ዘይነባን ልሰናበት ቦኖው ጋ ሄድኩ። ተዘግቶ ነበር። ሰናይት እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኘችኝ፣ ሻንጣዬን ተሸክማ፣ እጄን አልለቀቀችም። ስለ ከተማው ሐውልቶችና ትላልቅ ሕንፃዎች የምትጠይቁኝ ካላችሁ አላየሁም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ስለነበር ግቤን ድጋሚ አየሁት፣ ሙቀቱ ያው ነው። ማታ ጅማ ስንገባ ይዘንብ ነበር።

በእነዚህ አምስት ቀናት የሠራሁት ይህ ነው፦

በስልሳ ስምንት ዓመቴ ለብቻዬ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ከአንድ መጽሐፍ ውስጥ ማር አስወጥቻለሁ፣ በሁለት ሴቶች እርዳታ።

አንድ የነበረውን ወረፋ ስምንት አድርጌያለሁ፣ ሁለት መቶ የነበረውን ርዝመት ሃያ።

አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ስህተቴ የቆየው አንድ ቀን ነው። ያረመኝ ሰው መሐንዲስ አይደለም።

አራት ጊዜ ሽሮ፣ አንድ ጊዜ ቆጮ በልቻለሁ።

የነፋስ ስልክን ስም ለነፋስ ስልክ ሰዎች አስረድቻለሁ።

ካርታው በሰዓቱ ደርሷል።

ሰናይት አልፋለች፣ ሥራዋም ላይ አለች።

የማንንም ገመድ አልነቀልኩም።